ከአልበሙ ጀርባ ያሉ ስሞች

አርብ በመጣ ቁጥር የዓለም አዲስ ሙዚቃ በአንድ ሌሊት ይለቀቃል። ልማዱ የቆየ አይደለም። እስከ 2015 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዳዲስ አልበሞች በብሪታንያ ሰኞ፣ በአሜሪካ ማክሰኞ፣ በጀርመን አርብ ይወጡ ነበር። በአንዱ አገር የወጣው ሥራ ሌላው አገር በይፋ እስኪደርስ ድረስ በኢንተርኔት እየተቀዳ ይሰራጭ ስለነበር፣ የሙዚቃው ኢንዱስትሪ ከጁላይ 10 ቀን 2015 ጀምሮ የመልቀቂያውን ቀን ለሁሉም አርብ አደረገው። ውሳኔው ለሻጩ በጅቷል፤ ለአድማጩ ግን አዲስ ችግር ይዞ መጥቷል። ለወራት ማስታወቂያ ሲነገርለት የከረመ የፖፕ ኮከብ አልበም፣ አራት ሰዎች በአንድ ቀን ቀርጸው የጨረሱት ጃዝ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የፓንክ (ፈጣንና ሻካራ ሮክ) ሥራና አንድ ሰው በመኝታ ክፍሉ ያቀናበረው የኢንዲ (ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ሙዚቃ) አልበም በእኩል ሰዓት ይወጣሉ፤ በእኩል ግን አይሰሙም።

ይህን ብዛት ለመቋቋም የተለመደው መላ በዘውግ መከፋፈል ነው። የሳምንቱ የኢንዲ ዝርዝር፣ የሳምንቱ የጃዝ ዝርዝር እየተባለ ይቀርባል፤ አድማጩም የለመደውን ክፍል ብቻ ከፍቶ ይመለከታል። እኔም በእነዚህ ዝርዝሮች እጠቀማለሁ፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ አብረውኝ የኖሩትን አልበሞች መለስ ብዬ ስቆጥር፣ አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ከዘውግ ዝርዝር ሳይሆን ከሰው ስም ተነሥቼ ነው። ድራሙን የመታው ማን ነው? ድምፁን የቀረጸው ማን ነው? አሳታሚው ከዚህ በፊት ምን አውጥቷል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የሚሄድ ሰው የዘውግ ግድግዳ አያቆመውም፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በዚያ ግድግዳ ታጥረው አያውቁምና።

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ከዋሽንግተን ከተማ ፓንክ ይነሣል። ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን በ1980 ዲስኮርድ የተባለውን አሳታሚ ያቋቋሙት ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ሳሉ፣ የራሳቸውን ባንድ ሥራ ለማሳተም ነበር። ማካይ ኋላ ላይ በአባልነት የተጫወተበት ፉጋዚ የተባለው ባንድ በአሜሪካ ፓንክ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ክብር ካላቸው አንዱ ነው፤ የመግቢያ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ በመያዝና በትልልቅ ኩባንያዎች ላለመታቀፍ በመጽናትም ይታወቃል። ጊታሮቹና ጩኸቱ ብዙ ተብሎላቸዋል፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚስበኝ ከታች ያለው ነው፤ የጆ ላሊ ቤዝና የብሬንዳን ካንቲ ድራም። ላሊ ጥቂት ኖታዎችን ይዞ ይዞራል፣ አይቸኩልም፤ ካንቲ ደግሞ ምቱን ጠብቆ በመካከሉ ክፍት ቦታ ይተዋል። ያ ክፍት ቦታ ገና ያኔ ጃዝ ይሸት ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ፉጋዚ መጫወት ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከጊታር ተጫዋቹ አንቶኒ ፒሮግ ጋር ዘ ሜስቴቲክስ የተባለ ሦስት ሰው ያለበት ባንድ መሠረቱ፤ ድምፃዊ የለውም። የመጀመሪያ አልበማቸው በ2018 ከዚያው ከዲስኮርድ ወጣ። በ2024 ደግሞ ከቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ከጄምስ ብራንደን ሉዊስ ጋር አንድ አልበም አወጡ፤ አሳታሚው ኢምፐልስ ነበር። ኢምፐልስ የታላቁ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች የጆን ኮልትሬን አሳታሚ ቤት ነው። የፓንክ ድራምና ቤዝ በዚህ ስም ሥር ሲወጣ ማየቴ ብቻ ደስታ ነበር፤ ሙዚቃው ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። ሉዊስ ሳክስፎኑን እንደ መዝሙር ዘማሪ ሰፊ አድርጎ ይነፋል፤ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ደግሞ በፉጋዚ ዘመን የነበራቸውን ግትርነት አልተዉም። ጃዝ መስለው ለመታየት አይሞክሩም፣ እሱም ፓንክ ለመምሰል አይጮኽም። ይህን አልበም በጃዝ ዝርዝር ውስጥ ብቻ የሚያስቀምጠው ሰው የፓንኩን አድማጭ ያስቀርበታል፤ በፓንክ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው ደግሞ የለም። እኔን ወደ እሱ ያደረሰኝ የላሊ ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። አንደኛው ራሱን ሉዊስን መከተል ነው፤ ይህም በ2021 ወደወጣው «ጀሰፕ ዋገን» ያደርሳል፤ ሥራው ለግብርና ሳይንቲስቱ ለጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የተበረከተ ነው። ሁለተኛው አሳታሚውን መከተል ነው፤ ይህኛው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያስኬዳል።

ወደ ኋላ ብንሄድ የኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ይጠብቀናል። ስለዚህ አልበም ያልተባለ ነገር ስለሌለ መንፈሳዊነቱን ለሌሎች ትቼ አንዲት የቀን ጉዳይ ብቻ ላንሣ። የተቀረጸው ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ፣ በቀረጻ ባለሙያው በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ነው፤ ድራሙን የመታው ኤልቪን ጆንስ ነው። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን፣ ማለትም ከ15 ቀን በኋላ፣ ያው ድራመር በዚያው ክፍል፣ በዚያው የቀረጻ ባለሙያ ፊት ተቀምጦ የሳክስፎን ተጫዋቹን የዌይን ሾርተርን «ስፒክ ኖ ኢቭል» ብሉ ኖት ለተባለው አሳታሚ ቀርጿል። ትራምፔቱ የፍሬዲ ሃባርድ፣ ፒያኖው የሄርቢ ሃንኮክ፣ ቤዙ የሮን ካርተር ነው። ሁለቱን አልበሞች ተከታትሎ ማዳመጥ ከብዙ ንባብ የበለጠ ያስተምራል። በመጀመሪያው ጆንስ ማዕበል ነው፤ ከኮልትሬን ጋር እየተጋፋ ይወጣል። በሁለተኛው ያው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሾርተርን እንግዳ ዜማዎች በሲምባል ያጅባል፤ ኃይሉ የትም አልሄደም፣ ታግሶ ይጠብቃል እንጂ። አንድ ድራመር ለመሪው ሲል ራሱን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል የተረዳሁት በዚህ ንጽጽር ነው፤ ከዚያም በኋላ የጃዝ አልበም ሲወጣ ከመሪው ስም ቀድሜ የአጃቢዎቹን ስም የማነበው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አልበም ስል ደግሞ በዚህ ሳምንት የወጣውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከ60 ዓመት በፊት ተቀርጾ እኔ ዛሬ የደረስኩበት ሥራም ለእኔ አዲስ ነው።

ወደ ፊት ስንመጣ ኢምፐልስ በ2018 የለንደኖቹን ሰንስ ኦቭ ኬሜት አሳትሟል። ሻባካ ሀቺንግስ ይመራው የነበረው ይህ ባንድ ጊታርም ፒያኖም አልነበረውም፤ ሳክስፎን፣ ቱባ የተባለ ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያና ጥንድ ድራም ነበር። የዚያ አልበም እያንዳንዱ ሥራ በአንዲት ጥቁር ሴት ስም ተሰይሟል፤ ሃሪየት ታብማን፣ አንጄላ ዴቪስ፣ ያ አሳንቴዋ ከእነሱ መካከል ናቸው። ድራም ከመቱት አንዱ ቶም ስኪነር ነው። ይህን ስም የያዘ ሰው በ2022 ዘ ስማይል የተባለ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ስኪነርን ሬዲዮሄድ ከተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ አባላት ከቶም ዮርክና ከጆኒ ግሪንዉድ አጠገብ ተቀምጦ ያገኘዋል። ስለ አልበሙ ሲወራ ወሬው በአብዛኛው ስለ ሁለቱ ዝነኞች ነበር። ከሰንስ ኦቭ ኬሜት ተነሥቶ የመጣ ጆሮ ግን ያልተለመዱትን የምት አቆጣጠሮች ሲሰማ ሥራው የሦስት ሰዎች መሆኑን ወዲያው ይለያል። እንግዲህ ከዋሽንግተን ፓንክ ተነሥተን በጃዝ አሳታሚ በኩል ወደ እንግሊዝ ኢንዲ ሮክ ደርሰናል፤ በመንገዱ ላይ የረዱን የተጫዋቾችና የአሳታሚዎች ስሞች ብቻ ናቸው።

ፓንክና ጃዝ ሲገናኙ የማነሣው ሌላ አልበም አለ። ዘ ኤክስ በ1979 በኔዘርላንድ የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። በ2006 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አወጡ። ጌታቸው በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት ከአሥርት ዓመታት በፊት ሲሆን፣ አነፋፋቸው በምዕራቡ ዓለም ፍሪ ጃዝ ከሚባለው፣ ከተለመደው የዜማና የምት ሕግ ከተላቀቀው ጃዝ ጋር ሲወዳደር የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዘ ኤክስ ሻካራ ጊታሮች ለዚያ ድምፅ የሚመጥን ተፋላሚ ሆነውለታል። አልበሙ ላይ ጌታቸው የክብር እንግዳ አይደሉም፤ መሪ ናቸው፤ ባንዱም የራሱን ድምፅ ሳያለዝብ ይከተላቸዋል። አንድን ዘውግ ከሌላው ጋር የማቀላቀል ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚከሽፉት ሁለቱም ወገኖች ለጨዋነት ሲሉ ስለሚለዝቡ ይመስለኛል፤ እዚህ ማንም አልለዘበም።

ፖፕን በሚመለከት በሙዚቃ ወዳጆች መካከል አንድ የከረመ ንቀት አለ፤ እኔ አልቀበለውም። በስም መከተል ለሚወድ ሰው ከፖፕ አልበም የበለጠ ሀብታም ነገር የለም፤ የደራሲዎቹ፣ የአቀናባሪዎቹና የፕሮዲውሰሮቹ ዝርዝር ከማንኛውም ዘውግ ይረዝማልና። ቴይለር ስዊፍት በጁላይ 2020 «ፎክሎር»ን አንድ ቀን እንኳ ባልሞላ ማስታወቂያ ስታወጣ፣ ብዙዎቹን ዘፈኖች አብሯት የጻፈውና ፕሮዲውስ ያደረገው ዘ ናሽናል የተባለው የኢንዲ ባንድ ጊታር ተጫዋች አሮን ዴስነር ነበር። ዘ ናሽናልን ለዓመታት የሰማ ሰው ያንን ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ፒያኖ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያውቀዋል። በተቃራኒው በስዊፍት በኩል የመጣ አድማጭ ከዴስነር ስም ተነሥቶ ወደ ኢንዲው ዓለም ሙሉ መንገድ ተከፍቶለታል። የዴቪድ ቦዊም የመጨረሻ አልበም «ብላክስታር» እንዲሁ ነው። በጃንዋሪ 2016 በልደት ቀኑ ወጣ፤ ቦዊ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፈ። የሚያጅበው የሳክስፎን ተጫዋቹ የዶኒ ማክካስሊን የጃዝ ቡድን ሲሆን፣ ማክካስሊንን እንዲሰማ ለቦዊ የመከረችው የጃዝ ኦርኬስትራ መሪዋ ማሪያ ሽናይደር ናት። የሮክና የፖፕ ታላቅ ሰው ራሱ አዲስ ድምፅ ያገኘው በሰው ጥቆማ እንደሆነ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ስለ አልጎሪዝም መናገር ይገባል። የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያው ስፖቲፋይ ሰኞ ሰኞ አንድ፣ አርብ አርብ ደግሞ ሌላ የጥቆማ ዝርዝር ለእያንዳንዱ አድማጭ ያዘጋጃል፤ የአርቡ የምንከተላቸውን ሰዎች አዲስ ሥራ ስለሚያስታውሰን ጥቅሙን አልክድም። እንዲህ ያለው ጥቆማ በአብዛኛው የሚያርፈው ግን ይህን የሰሙ ሰዎች ያንንም ሰምተዋል በሚል ስሌት ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ተመሳሳይ ነገር ያደላል። ፉጋዚን የሚወድን ሰው ፉጋዚን ወደሚመስሉ ባንዶች ይወስደዋል። ከፉጋዚ ቤዝ ተጫዋች ተነሥቶ ወደ ሉዊስ ሳክስፎን፣ ከዚያም ወደ ኮልትሬን መሻገር በተመሳሳይነት የሚገኝ መንገድ አይደለም፤ በታሪክ የሚገኝ ነው። ታሪኩ የተጻፈው ደግሞ በአልበሙ ጀርባ ላይ ነው።

ችግሩ ያ ጀርባ መጥፋቱ ነው። በሸክላ ዘመን ሽፋኑን ገልብጦ የተጫዋቾቹን ስም፣ የተቀረጸበትን ቀን፣ አንዳንዴም ረጅም ሐተታ ማንበብ የማዳመጡ አካል ነበር። የማንቸስተሮቹ የፓንክ ባንድ በዝኮክስ በጃንዋሪ 1977 «ስፓይራል ስክራች»ን ራሳቸው ሲያሳትሙ፣ እያንዳንዱ ሥራ በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸና በላዩ ምን እንደተጨመረበት በሽፋኑ ላይ ጽፈዋል፤ ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራ፣ እናንተም ትችላላችሁ የማለት ያህል ነበር። በዚያ ሽፋን ላይ ማርቲን ዜሮ ተብሎ የተጠቀሰው ፕሮዲውሰር ማርቲን ሃኔት ሲሆን፣ ይህን ስም የያዘ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ጆይ ዲቪዥን በተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበም ላይ እንደገና ያገኘዋል። በሲዲ ጊዜ ጽሑፉ ወደ ትንሽ መጽሐፍ ወርዶ ፊደሉ ደቀቀ፤ በስልክ ማዳመጥ ሲመጣ ደግሞ ብዙው ጠፋ። አንዳንድ የማዳመጫ መተግበሪያዎች አሁን ለእያንዳንዱ ዘፈን የሠሪዎች ዝርዝር ያሳያሉ፤ ሆኖም የደራሲና የፕሮዲውሰር ስም አስፍረው የድራመሩን የሚዘሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለዚህ ነው ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለአድማጭ የሚሸጡበትን ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕን የምመርጠው። ሙዚቀኛው ራሱ በአልበሙ ገጽ ላይ ማን ምን እንደተጫወተ፣ የት እንደተቀረጸና ማን እንዳቀናበረው መጻፍ ይችላል፤ የኢንዲ፣ የጃዝና የፓንክ ሰዎች በአብዛኛው ይጽፉታል። ከዚህም በላይ አልበሙን ገዝተው በይፋ ያሳዩ ሰዎች ስብስብ ከሥር ይታያል። የምወደውን አንድ እንግዳ የጃዝ አልበም የገዛ የማላውቀው ሰው ሌላ ምን እንደገዛ ማየት ከማንኛውም ስሌት የበለጠ ይጠቅመኛል፤ ሰው ገንዘቡን ያወጣበት ነገር ከበስተጀርባ ሲጫወት ካለፈው ይለያልና። ድረ ገጹ ከማርች 2020 ጀምሮ በተመረጡ አርቦች የራሱን ድርሻ ትቶ ገቢውን ለሙዚቀኞቹ ስለሚያሳልፍ፣ ስገዛ እነዚያን ቀናት እጠብቃለሁ። የሬዲዮ ሰዎችም ቦታቸው አልተነካም። ጆን ፒል ከ1967 እስከ 2004 በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ላይ ፓንኩን፣ ሬጌውንና የማይታወቁ ባንዶችን ሥራ በአንድ ዝግጅት ውስጥ እያከታተለ ያሰማ ነበር፤ በ1978 አንደርቶንስ የተባለውን ባንድ አንድ ዘፈን ወድዶት ወዲያውኑ ደግሞ አጫውቶታል። ዛሬም ጣዕሙን የምናምነው አንድ አቅራቢ ካለ፣ ያልወደድነውን እንኳ የምንሰማው በእሱ ምክንያት ነው።

አልበሙ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ከማግኘቱ ይከብዳል። ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በ1948 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ ሲያወጣ በአንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ መያዝ ተቻለ፤ ከዚያ ጀምሮ አልበም ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ መሐል ላይ የሚገለበጥ ሥራ ሆነ። በ1982 የመጣው ሲዲ እስከ 74 ደቂቃ ድረስ ስለሚይዝ ብዙ አልበሞች ያለቅጥ ረዘሙ፤ የ1990ዎቹ የኢንዲና የፖፕ ሥራዎች ብዙዎቹ ሦስትና አራት ዘፈን ቢቀነስላቸው ይሻሉ ነበር። አሁን ደግሞ ሚዛኑ ወደ ነጠላው ዘፈን ተመልሷል። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን እንደተሰማ የሚቆጥረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው፤ የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥም በ2014 መጨረሻ 1,500 የዘፈን ጨዋታን እንደ አንድ የተሸጠ አልበም መቁጠር ጀመረ። በዚህ አቆጣጠር ሙሉ አልበሙን የሰማው አድማጭና አንዱን ዘፈን ሲደጋግም የዋለው አድማጭ ልዩነት የላቸውም። በኖቬምበር 2021 አዴል ባቀረበችው ጥያቄ ስፖቲፋይ በአልበም ገጽ ላይ ዋነኛ የነበረውን የማደበላለቂያ ቁልፍ ማንሣቱ ትንሽ ነገር ቢመስልም እኔን አስደስቶኛል፤ ቅደም ተከተል የሥራው አካል መሆኑን አንድ ትልቅ ኩባንያ አምኗልና።

እኔ አዲስ አልበም ስሰማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳልዘል፣ ሌላ ሥራ ሳልሠራ እሰማለሁ። ለፓንክ ይህ ቀላል ነው፤ የራሞንስ የ1976 የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈኖችን በ29 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ ሁለት ጊዜ ሲሰማም ይጠቅማል። የፖፕ አልበምን ግን በመጀመሪያው ቀን መፍረድ አልወድም፤ ጎልተው እንዲሰሙ የተሠሩት ዘፈኖች የሌሎቹን ድምፅ ስለሚውጡ፣ እነዚያ እስኪለመዱ ጠብቄ ወደ ሰባተኛውና ወደ ስምንተኛው ዘፈን እመለሳለሁ፤ ጥሩው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ኢንዲ ላይ ግጥሙን ለብቻ አነባለሁ። ጃዝ ላይ አንዱን ተጫዋች መርጬ አልበሙን በሙሉ በእሱ ጆሮ እሰማለሁ፤ በሌላ ቀን ሌላውን እመርጣለሁ። የካማሲ ዋሽንግተን «ዘ ኤፒክ» በ2015 ሲወጣ ሦስት ዲስክ፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነበር። በአንድ መቀመጫ ልጨርሰው አልሞከርኩም፤ ዲስኩን በዲስክ ከፋፍዬ በተለያዩ ምሽቶች ሰማሁት። ወደ እሱ የደረስኩትም በዚያው ዓመት በወጣው የራፐሩ የኬንድሪክ ላማር አልበም ላይ የካማሲን ስም ከሠሪዎቹ መካከል አንብቤ ሲሆን፣ በሁለቱም አልበሞች ላይ ያለው የቤዝ ተጫዋቹ ተንደርካት አሁንም ከምከተላቸው ስሞች አንዱ ነው።